ቀመር የፈራ መጽሐፍ

የስቴፈን ሆኪንግ «የጊዜ አጭር ታሪክ» በእንግሊዝኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከአሥር ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ደራሲው በምስጋናው ገጽ እንደሚያጫውተን፣ አንድ ሰው «የምታስገባው ቀመር ሁሉ ሽያጩን በግማሽ ይቀንሰዋል» የሚል ምክር ሰጥቶት ነበር። እሱም ከአንስታይን ታዋቂ ቀመር በቀር ሌላውን ሁሉ ተወው።

በዚህ ምክር ብዙ ሰው ስቋል። እኔን የገረመኝ ግን ምክሩ ራሱ ቀመር መሆኑ ነው። ያለ ቀመር አሥር ሚሊዮን ገዢ የሚያገኝ መጽሐፍ በአንድ ቀመር አምስት ሚሊዮን፣ በሁለት ሁለት ሚሊዮን ተኩል እያለ ይወርዳል። አሥረኛው ላይ ሲደርስ አሥር ሺህ ገዢ እንኳ አይሞላለትም። አሥር ጊዜ በግማሽ መቀነስ ለ1,024 ማካፈል ነውና።

ይህ «በግማሽ፣ በግማሽ» የሚል ሕግ ከገበያ ውጭም ይሠራል። ሲኒ ላይ የተቀዳ ቡና 80 ዲግሪ፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 60 ነው። በአሥር ደቂቃ ወደ 30 ከወረደ፣ በሚቀጥለው አሥር ደቂቃ ወደ 15 ይጠጋል እንጂ ዜሮ አይገባም። በሞተ እንጨትና አጥንት ውስጥ ያለው ካርቦን 14 ደግሞ በ5,730 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። ከ57,300 ዓመት በኋላ የሚተርፈው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለዕድሜ ስለሆነች በካርቦን ልትለካ አትችልም። ዕድሜዋ የታወቀው በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ከፖታሲየም ከሚፈጠረው አርጎን ነው፤ የዚያ ፖታሲየም ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነውና። ለመሆኑ ይህን ለመረዳት ከማካፈል ያለፈ ምን ያስፈልጋል?

የሆኪንግ መጽሐፍ ስለ ጥቁር ጉድጓዶች ሲያወራ ጨዋታው ይጥማል። «ምናባዊ ጊዜ» ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። እዚህ ምናባዊ ማለት ሕልም ማለት አይደለም፤ ራሱን በራሱ ሲያባዙት ከዜሮ በታች የሚሰጥ የቁጥር ዓይነት ነው። ደራሲው ይህን በጥቂት መስመሮች ነክቶ ያልፋል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እዚያው ላይ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ጥፋቱንም የራሴ ድንቁርና አድርጌ ቆጠርኩት። ዛሬ ሳስበው፣ የጎደለኝ አንድ ገጽ ስሌት ነበር።

ሆኪንግ ሳይንስን ወደ ብዙ ቤት ማስገባቱ አይካድም። ነገር ግን ቀመር የተነፈገው አንባቢ የተነገረውን ያምናል እንጂ አይመረምርም። በአማርኛ ስለ ሳይንስ ለሕዝብ የሚጽፉ ሁሉ ከሆኪንግ ለዛውን ይውሰዱ፣ ፍርሃቱን ይተዉለት። የገበያ ሒሳቡን በቃሉ የሚያሰላ አንባቢ በአንድ ቀመር አይደነግጥም።