የሙቀት ጎተራ

ከሄልሲንኪ ብዙም ሳትርቅ ፖርናይነን በምትባል ትንሽ የፊንላንድ ከተማ አንድ ጎተራ ቆሟል። ቁመቱ 13 ሜትር፣ ወርዱ 15 ሜትር ነው። ላላወቀው ሰው ስንዴ ወይም ሲሚንቶ የሚከተትበት ይመስላል። ጭስ አይወጣውም፣ የሚሽከረከር ክንፍ የለውም፣ ለፎቶግራፍ የሚጋብዝ ነገርም አይታይበትም። ሆዱ ውስጥ ግን 2,000 ቶን የደቀቀ ድንጋይ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ግሎ ተቀምጧል። «ሙያ በልብ ነው» የተባለው ለሰው ቢሆንም ለዚህ ጎተራም ይስማማዋል።

የተሠራበትን ችግር ሳያውቁ ሥራውን ማድነቅ አይቻልም። በዚያ አገር በታኅሣሥ እጅግ አጭሩ ቀን ስድስት ሰዓት አይሞላም። ሙቀት እጅግ በሚፈለግበት ወቅት የፀሐይ ኃይል የለም ማለት ይቻላል። ነፋስ አለ፤ ግን ሰው በፈለገው ሰዓት አይነፍስም። አንዳንድ ሌሊት የነፋስ ተርባይኖቹ ከሚፈለገው በላይ ያመነጩና የኤሌክትሪክ ዋጋ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከቀናት በኋላ ደግሞ አጥንት የሚሰብር ብርድ ይመጣል፤ ነፋሱ ጸጥ ይላል፤ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ስለዚህ የተረፈውን ለሰዓታት ብቻ ሳይሆን ለቀናት የሚያቆይ ማስቀመጫ ያስፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ ይህን ማድረግ አያቅተውም፤ ለአንድ ከተማ የብዙ ቀን ፍጆታ ይግዙት ከተባለ ግን ወጪው አይቀመስም።

የመጀመሪያው ብልሃት ጥያቄውን መለወጥ ነበር። በክረምት የፊንላንድ ከተማ አጥብቆ የሚፈልገው ሙቀት ነው። በብዙ ከተሞች ሙቅ ውሃ ከአንድ ማዕከል ተነስቶ ከመሬት በታች በተቀበሩ ቧንቧዎች ወደ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ይደርሳል። መጨረሻው ሙቀት ከሆነ፣ የተረፈውን ኤሌክትሪክ በኤሌክትሪክነቱ ለማቆየት ለምን ይደከማል? ገና ሲገባ ሙቀት አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል።

ይህን ሐሳብ ይዘው የተነሡት ቶሚ ኤሮነንና ማርኩ ኡሎነን የተባሉ ወጣት ፊንላንዳውያን ናቸው። ፖላር ናይት ኢነርጂ የተባለውን ድርጅታቸውን መሥርተው በታምፔሬ ከተማ፣ የቀድሞ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ በነበረበት በሂዳንራንታ ሰፈር ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2022 ቫታያንኮስኪ ከተባለው የኃይል አቅራቢ ጋር ሆነው በምዕራብ ፊንላንድ በካንካንፓ ከተማ ለአገልግሎት የበቃውን «የአሸዋ ባትሪ» አቆሙ። ወርዱ 4፣ ቁመቱ 7 ሜትር የሆነ የብረት ጎተራ ነው፤ 100 ቶን አሸዋ ይዟል፤ 8 ሜጋዋት ሰዓት ሙቀት ያጠራቅማል። በዚያው ዓመት በግንቦት ሩሲያ ለፊንላንድ የምትልከውን ኤሌክትሪክና ጋዝ አቋርጣ ስለነበር ወሬው ዓለምን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ደስታው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ የማሞቂያ ሽቦ ያግላል፤ ሽቦው አየር ያሞቃል፤ ማራገቢያ ትኩሱን አየር በአሸዋው መካከል በተዘረጉ ቧንቧዎች ውስጥ ያሽከረክረዋል። አየሩ ሙቀቱን ለአሸዋው ትቶ ሊሞቅ ይመለሳል። ከተማው ሙቀት ሲፈልግ ያው አየር በሚግለው አሸዋ መካከል ያልፋል፤ ያገኘውን ሙቀት ይዞ ወጥቶ ለውሃው ያስረክባል። ማስገቢያውም ማውጫውም አየር ነው። አሸዋው ከተሞላበት ቀን ጀምሮ ከቦታው አይነቃነቅም። ተንቀሳቅሶ የሚያልቀው ዋናው ዕቃ ማራገቢያው ነው፤ እሱም እጅ ከሚደርስበት ቦታ ነው። ሊበላሽ የሚችለውን ነገር ከማይደረስበት ቦታ አርቆ ማስቀመጥ የጥሩ መካኒክ ምልክት ነው።

አሸዋ አንድ የታወቀ ነውር አለው፤ ሙቀት በቀላሉ አያስተላልፍም። ከቧንቧው አጠገብ ያለው ሲግል ራቅ ያለው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። እዚህ ላይ የእጅ ሙያው ይለያል። ባለሙያዎቹ የአሸዋውን ጠባይ ለመለወጥ አልታገሉም፤ የቧንቧውን አዘረጋግ ከጠባዩ ጋር አስማሙት። ሙቀቱ መድረስ ወዳለበት የሚያደርሱት ቧንቧዎቹ ናቸው። ያን ሙቀት በቀላሉ የማያሳልፈው አሸዋ ደግሞ ከውጨኛው የሙቀት መከላከያ ልባስ ጋር ተደርቦ የመሐሉን ግለት ይጠብቃል። ነውር የነበረው ጠባይ ዘበኛ ሆነ።

ውሃስ ለምን አልተመረጠም የሚል ይኖራል። አንድ ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው ሙቀት አሸዋ ከሚይዘው አምስት እጥፍ ያህል ነው። ነገር ግን ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ለማሞቅ ግፊት የሚችል ውድ ጋን ያስፈልገዋል። አሸዋ በ500 ዲግሪም አይፈላም፣ አይቀልጥም፣ አይቃጠልም። ሒሳቡን ማንም በወረቀት ሊያረጋግጠው ይችላል፤ 100 ቶን አሸዋ በ350 ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት ወደ 8 ሜጋዋት ሰዓት ይጠጋል፤ ከካንካንፓው ጎተራ አቅም ጋር ይገጥማል።

በ2025 ሥራ የጀመረው የፖርናይነኑ ጎተራ ግን አሸዋ አልያዘም። በምሥራቅ ፊንላንድ ዩካ የሚገኘው ቱሊኪቪ የተባለ ኩባንያ ሲዳስስ ሳሙና ሳሙና ከሚል ለስላሳ ድንጋይ የቤት ምድጃ ይሠራል። እንዲህ ያለ ምድጃ ማታ ለጥቂት ሰዓት እንጨት ከነደደበት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ቤት ሲያሞቅ ያድራል። ከዚህ ሥራ የሚተርፈው ስብርባሪ ድንጋይ ደቅቆ ጎተራው ውስጥ ገባ። የግንባታ አሸዋ በብዙ አገር እየተሻሙበት ባለበት ዘመን የማንንም ድርሻ ሳይነኩ ከተጣለ ክምር መሥራት፣ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ምርጫ ነው።

መጠኑም በዘፈቀደ አላደገም። የአንድ ጎተራ ወርድም ቁመትም በእጥፍ ሲጨምር የሚይዘው ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀት የሚሾልክበት ገላው ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። በትልቅነቱ መጠን ብክነቱ ያንሳል። የፖርናይነኑ 100 ሜጋዋት ሰዓት ይይዛል፤ የማሞቂያ ኃይሉ 1 ሜጋዋት ስለሆነ ባዶውን ለመሙላት 100 ሰዓት፣ አራት ቀን ከምናምን ይፈጃል። ዋጋው በረከሰበት ሰዓት እየሞላ፣ በተወደደበት ሰዓት ከያዘው እየሰጠ ይውላል። ባለቤቶቹ እንደሚሉት የተጠራቀመው ሙቀት በበጋ የከተማዋን የማሞቂያ መረብ ለአንድ ወር ያህል፣ በክረምት ደግሞ ለአንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል።

አድናቆት ልክ አለውና ጎተራው የማይችለውንም መናገር ተገቢ ነው። «ባትሪ» ይባል እንጂ መብራት አያበራም። ሙቀቱን መልሶ ኤሌክትሪክ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው መንገድ ላይ ይቀራል። ሠሪዎቹም ይህን ጎተራ ለዚህ አላቀዱትም። በሙቀትነቱ ሲወጣ ግን ከገባው እጅግ የሚበልጠው ተመልሶ ይገኛል። ንጽሕናውም ከገባበት ኤሌክትሪክ አይበልጥም፤ ከድንጋይ ከሰል የመጣ ኤሌክትሪክ ቢሞሉት የድንጋይ ከሰል ሙቀት ይሰጣል።

ብዙ የኃይል ፈጠራዎች ሁሉንም እንችላለን እያሉ ይነሡና አንዱንም በቅጡ ሳያደርሱ ይቀራሉ። ይህኛው አንድ ሥራ መረጠ፤ ለሥራው የሚበቃውን ርካሽ ዕቃ መረጠ፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ተወ። ጥሩ ሙያ የምለው ይህን ነው። ማስረጃውም ፖርናይነን ውስጥ አለ፤ የከተማዋ የማሞቂያ መረብ ነዳጅ ዘይት ማቃጠል አቁሟል።