የአምሃ እሸቴ ሸክላ በገዴራ ሠርግ

ስለ አምሃ እሸቴ የሚጻፈው ሁሉ ከድፍረቱ ይጀምራል። የ1948ቱ ዐዋጅ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው የሐራምቤ ሙዚቃ ቤት ባለቤት አምሃ ግን በ1969 የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» ሕንድ አሳትሞ ገበያ አወጣው። እስከ 1975 ድረስ 103 ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 12 አልበሞች አሳተመ፤ ከዚያ ደርግን ሸሽቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ታሪኩ እውነት ነው፣ ያምራልም። ሆኖም ሰውየውን ዐዋጅ ጣሽ ብቻ አድርጎ ያስቀረዋል። ዐዋጅ መጣስ ነጋዴም ይችልበታል፤ 103 ሸክላ መምረጥ ግን ጆሮ ይጠይቃል።

አምሃ ያን ጆሮ ያገኘው ከባንኮኒው ጀርባ ነው። የውጭ ሸክላ እያስመጣ፣ እያጫወተ ይሸጥ ነበር። ደንበኛው የቱ ዘፈን ላይ ጭንቅላቱን እንደሚነቀንቅ፣ የቱ ላይ ወደ በሩ እንደሚያይ በዓይኑ አይቷል። ማንም ዲጄ ብሎ አልጠራውም፤ ሥራው ግን የዲጄ ነበር። በኋላ ሥራ አስኪያጅና አሳታሚ ሆኖ ስቱዲዮ ሲገባ ይዞት የገባው ይህንኑ ነው።

የአሳታሚነቱ ትልቁ ውሳኔ ደግሞ ከድፍረቱ ይልቅ ዘፈን ማሳጠሩ ይመስለኛል። ሰባት ኢንች ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ሲሽከረከር አንዱ ገጹ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ይይዛል። የኛ የጭፈራ ዘፈን እንዲህ ያለ ልክ አያውቅም። አዝማሪ ግጥሙን የሚያረዝመው ፊቱ የቆመውን ሰው እያየ ነው፤ ግንባሩ ላይ ብር ሲለጠፍለት ስንኝ ይጨምራል፣ ትከሻ ሲዝል ያበርዳል። ዘፈኑ የሚያልቀው ጨፋሪው ሲበቃው ነው። ሸክላ ግን ሰው አያይም። አቀናባሪዎቹ እነ ግርማ በየነ ይህን ችግር የፈቱበት መንገድ እስካሁን ያስደንቀኛል፦ የነሐስ መሣሪያዎቹ አጭር ሐረግ ይወረውራሉ፣ ድምፃዊው ሳይውል ሳያድር ይገባል፣ ሳክስፎኑ መሃል ላይ ጠባብ ቦታ ያገኛል፣ አዝማቹ ተመልሶ ይዘጋል። ማሟሟቂያ የሚባል ነገር የለም። ጨፋሪው ገና ከመነሻው ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል። ለአዲስ አበባ የምሽት ክበብ ይህ ልክ ነበር፤ ጥንዶቹ ይነሳሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያዛሉ። እስክስታ ግን ትከሻው እስኪፈታ ብቻ ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ሸክላው ጥበብ ሲሰጠን ጊዜ ወሰደብን።

የተወሰደውን ጊዜ ማን መለሰው? መልሱን የማገኘው እስራኤል ውስጥ፣ በክርያት ማላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ የሠርግ አዳራሾች ነው። በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ የጎንደር ገጠር ሰዎች ናቸው፤ ሸክላ ማጫወቻ የቤታቸው ዕቃ አልነበረም። እዚህ ሙዚቃ የደረሳቸው በካሴት ነው፣ አብዛኛውም በቴል አቪቭ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አካባቢ ከነበሩ የኢትዮጵያውያን ሱቆች። ሠርግ የሚያጫውቱት ልጆች ያንን ካሴት ወደ ሲዲ፣ ሲዲውን ወደ ላፕቶፕ እያሸጋገሩ ዛሬ ላይ ደርሰዋል። ብልሃታቸው የአምሃ ተቃራኒ ነው። አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ፍጥነቱ የሚቀራረብ ሌላ የጭክጭካ ምት ያለው ዘፈን ከሥሩ ያስገባሉ። ክቡ መሃል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ገጥመው ትከሻ ለትከሻ ሲፎካከሩ ካዩ ድምፃዊውን ዝም አሰኝተው ያንኑ አጭር ምት ደጋግመው ያዞሩታል። አንዱ እጅ እስኪሰጥ አይለቁም። በአራት ደቂቃ የተቀዳው ዘፈን ሩብ ሰዓት ይሆናል። አዝማሪው በላፕቶፕ ተመለሰ ማለት ነው፤ ሰው እያየ የሚጫወት ባለሙያ።

ይህን ሥራ የገመገመ ሃያሲ አላየሁም። የዕብራይስጥ ጋዜጣ ክርያት ማላኺን ሲያነሣ በጥር 2012 ለኢትዮጵያውያን ቤት አንሸጥም ባሉ ነዋሪዎች ላይ የተነሣውን ተቃውሞ ያስታውሳል፤ ማስታወሱ ተገቢ ነው፣ ግን ከተማው ውስጥ ሰው ይጨፍራልም። ሙዚቃ ሲነሣ ደግሞ ምስጋናው ሁሉ በ2002 የአማርኛ ዜማ ይዞ ወደ ወጣው የኢዳን ራይኼል ፕሮጀክት ይሄዳል። ያ ሥራ ለስላሳና የተዋበ ነው፤ አማርኛው ግን እንደ ጌጥ ተሰክቷል፣ ማንንም ከወንበር አያስነሣም። ድምፃውያኑ አስቴር ራዳና ጊሊ ያሎ ከዚህ በጣም የተሻሉ ናቸው። ቢሆንም እነሱን የሚያወድሰው ብዙው ሰው ጆሮውን ያሟሸው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳይ ባሳተማቸው የ«ኤትዮፒክስ» ጥራዞች ነው። ፋልሴቶ ውለታው ትልቅ ነው፤ የአምሃን ሸክላዎች ከመጥፋት አድኗል። ነገር ግን ለጭፈራ የተሠራ ሙዚቃ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የማብራሪያ ጽሑፍ እያነበቡ የሚሰማ አደረገው። የቫይብራፎን ተጫዋቹ ሙላቱ አስታጥቄ በፊልም መታወቁ ይህንን አባባሰው። አሁን «የኢትዮጵያ ሙዚቃ» ሲባል ቡና ቤት ውስጥ በዝግታ የሚጫወት ቫይብራፎን የሚታየው ሰው በዝቷል።

የአዳራሹ ዲጄ ነቀፋ የለበትም አልልም። ድምፁን ያለ ልክ ያስጮኻል፤ ሽማግሌዎች ከማጉያው ሸሽተው በር ላይ ይቆማሉ። የኪቦርድ ከበሮ ይወዳል፣ ስለዚህም የጎንደሮቹ የወገራና የሰሜን ምት ልዩነት ይጠፋል። ማሲንቆ የሚያስገባው ሙሽራዋ ስትገባ ብቻ ነው፣ ያውም ለቪዲዮው። እነዚህን ሁሉ አይቼም አምሃ እሸቴ ሚያዝያ 30 ቀን 2021 ከማረፉ በፊት አንድ ምሽት ገዴራ ሠርግ ላይ ቢቆም ኖሮ ማንን የሥራ ባልደረባዬ ይል እንደነበር አልጠራጠርም። ሃያሲውን አይደለም፣ ሰብሳቢውንም አይደለም፤ ላፕቶፕ ላይ ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ጥግ ትከሻ የሚቆጥረውን ልጅ ነው።

በ1990ዎቹ በነዚህ ሦስት ከተሞች የተደገሰ ሠርግ ቪዲዮ ያላችሁ ሰዎች፣ ካሴቱን ከመጣላችሁ በፊት ወደ ዲጂታል አስገልብጡት፤ የሙሽሮቹን ስም ስትጽፉም ያጫወተውን ልጅ ስም አብራችሁ ጻፉበት።