የኋላ መቀመጫውን አንሡልኝ

አሮጌ ቮልስ ሊገዛ የመጣ ሰው ጀማሪ ይሁን ነገሩ የገባው፣ እጁ መጀመሪያ የሚያርፍበትን አይቶ መለየት ይቻላል። ጀማሪው ኮፈኑን ይደባብሳል፤ ቀለሙን ያደንቃል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ያዳምጣል። የገባው ሰው ግን ሰላምታውን እንደጨረሰ በሩን ይከፍትና «እስቲ የኋላ መቀመጫውን አንሡልኝ» ይላል። ሻጩ በዚህ ቅር ካለው ዋጋው ከዚያው መውረድ ይጀምራል።

ከመቀመጫው ሥር ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ወለሉን መሐል ለመሐል በሚከፍለው ጉብታ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነው። ሌላው በስተቀኝ በኩል የተቀመጠው ባትሪ ነው። ከባትሪው የሚያመልጠው አሲድ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ወለሉን ይበላዋል። በዚያ ላይ የክረምቱ እርጥበት ከምንጣፉ ሥር ሲታቆር ላሜራው እንደ ወረቀት ይሳሳል። ስለዚህ አንድ መቀመጫ በማንሣት ብቻ ከፊት ያለችው መኪና ማን እንደሆነችና ከምን ያህል ብየዳ ጋር እንደምትመጣ ይታወቃል። የቀረው ምርመራ ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያጸና ነው።

የአሮጌ መኪና አካል ዋጋ የሚሰላው ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው። ለስሌት እንዲመች፣ በደንብ ተሠርታ ያለቀች፣ ቦሎዋን የለጠፈች፣ ያለ ሐሳብ የምትነዳ የዚያው ሞዴል ቮልስ 100 ታወጣለች እንበል። ከዚህ ላይ የወለሉ፣ የቦዲው፣ የቀለሙ፣ የሞተሩ፣ የፍሬኑና የጎደሉት ዕቃዎች ወጪ ይቀነሳል። ይህ ሁሉ ተደምሮ 75 ከመጣ ለአካሉ የሚቀረው 25 ነው። ከ25ቱም ላይ ላልታየ ችግር የሚሆን ነገር መያዝ የግድ ነው፤ አሮጌ ቀለም ሲፋቅ ከሥሩ የሚወጣውን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ወጪው 110 ከሆነ ደግሞ አካሉ በነፃ ቢሰጥ እንኳ ያከስራል። በየግቢው በሸራ ተሸፍነው የቆሙ ብዙ ቮልሶች እዚህ ምድብ ውስጥ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ግን ይህን መስማት አይፈልጉም።

ሻጭ ስሌቱን የሚጀምረው ከሌላው ጫፍ ነው። አባቱ በስንት እንደገዟት፣ አምና ለቀለም ስንት እንዳወጣ፣ ጎረቤቱ የእሱን በስንት እንደሸጠ ይደምራል። ለቀለሙ የወጣው ገንዘብ እውነት ነው። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ዝገት ቀለሙ ሳይፋቅ አይጠገንም፤ ለገዢው ያ አዲስ ቀለም ተጨማሪ ሥራ ነው። ድርድሩ የሚከርረው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ አንዱ ሌባ ሌላው የዋህ ሆኖ አይደለም።

ቀለም የማይነግረውን በር ይናገራል። የቮልስ ቦዲ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው በብሎን ሲሆን፣ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ ከሚሄዱት ሁለት የላሜራ ቱቦዎች ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር ወደ ጋቢና የሚደርሰው በነዚህ ቱቦዎች ስለሆነ ውስጣቸው ባዶ ነው። ውሃና ጭቃ ከገባባቸው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋሉ፤ ውጭው ላይ ትንሽ ቀዳዳ በታየ ቀን ውስጡ ካለቀ ቆይቷል። ገማቹ በሩን ዘግቶ በዙሪያው ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ያስተያያል። ከዚያ በሩን ከፍቶ ጫፉን ይዞ ወደ ላይ ይገፋዋል። በሩ ከተወዛወዘ ያረጀው ማጠፊያው ነው፤ ይህ ቀላል ነው። በሩ ንቅንቅ ሳይል ክፍተቱ ከላይና ከታች እኩል ካልሆነ ግን የጎበጠው ቦዲው ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ የጎደለው ነገር በፓራፋንጎና በፓራውልት አይካካስም። ከሻንሲው ተነሥቶ መሬት ላይ የተቀመጠ ባዶ ቦዲ በርካሽ ሲቀርብም ጥያቄው ያው ነው፤ ሲነሣ የበሮቹ ቦታ በብረት ተወጥሮ ነበር ወይ? ቱቦዎቹ በስብሰው ሳይወጠር የተነሣ ቦዲ ቅርጹን ይለቃል፤ ወደ ቦታው መመለሱም ከግዢው ይበልጣል።

የተናጠል ዕቃ ገበያው መርካቶ ነው፤ በተለይ ሶማሌ ተራ። አንድ የፊት ፓራፋንጎ ከሱቁ ጣሪያ በሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ጥቁር ቀለም ገና በቅርቡ ተረጭቶበታል።

«ኦርጅናል የጀርመን ነው ወንድሜ፤ እንዲህ ያለ አሁን የለም።»

ገዢው አውርዶ ወደ ብርሃን ያዞረዋል። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አውጥቶ ከጠርዙ ጀምሮ ያስኬዳታል። ማግኔቷ ደኅና ትሄድና የፊት መብራቱ ከሚገባበት ክብ በታች ስትደርስ እጁ ላይ ትወድቃለች።

«እዚህ ጋ አትይዝም።»

«ትንሽ ስቱኮ ናት፤ ለማለስለስ ያህል።»

«ለማለስለስ ያህልማ ቢሆን ትይዝ ነበር።»

ሻጩ ይስቃል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ቀጭን ስቱኮ ማግኔትን አያስለቅቅም። ማግኔት የሚለቀው ስቱኮው ሲወፍር ነው፤ ያኔ ከሥሩ ያለው ወይ ያልተቃና ጉድጓድ ወይ ጨርሶ የጠፋ ላሜራ ነው። ስለዚህ የዚያ ፓራፋንጎ ትክክለኛ ዋጋ የጤነኛው ዋጋ ሲሆን፣ ባቲላሜራው አቃንቶ ለመመለስ የሚጠይቀው ይቀነስበታል። ባለሙያዎች የሚስማሙበት፣ ለአዲስ ገዢ ግን እንግዳ የሚሆን ነገር አለ። ቀለሙ ተልጦ የሚያስጠላ፣ የተጣመመ ግን ያልተነካ አሮጌ ፓራፋንጎ አዲስ ቀለም ከተቀባው ይመረጣል። የሚታይ ጉዳት ዋጋ ይወጣለታል፤ የተሸፈነ አይወጣለትም። አዲስ ተመሳስሎ የተሠራውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ላሜራው ይሳሳል፤ የብሎን ቀዳዳዎቹም ካልተሞረዱ አይገጥሙም፤ ያ ሙረዳ ደግሞ የእጅ ዋጋ ነው።

«የቮልስ ሁሉ አንድ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አክስሯል። ከውጭ ሲያዩት ከ1940ዎቹ እስከ 2003 ያልተለወጠ ይመስላል («ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመቶች ሁሉ እዚህ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ በገበያው ሞዴል የሚጠራውም እንዲሁ ነው)። በዝርዝሩ ግን በየጊዜው ተለዋውጧል። የኋላ መስታወቱ እስከ መጋቢት 1953 ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ ሞላላ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰፋ። ለ1965 ሞዴል የበሮቹ መስታወቶች አደጉ፤ ስለዚህ የ1963 መስታወት ለ1966 በር አይሆንም። ለ1968 ሞዴል የፊት መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፓራውልቱ ከፍ አለ፣ ኮፈኑም አጠረ። በዚህ ድንበር ላይ የሚሸጥ ኮፈን ወይም ፓራፋንጎ የየትኛው ወገን እንደሆነ ካልተለየ፣ ርካሽ ተብሎ የተገዛው ዕቃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ዕቃው ብርቅ ስለሆነ ብቻ ዋጋው አይወደድም፤ ለምትሠራው መኪና መሆን አለበት።

ከዕቃ ሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ነው። ነሐሴ 2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሞንተሬይ ጨረታ ላይ አንድ የ1954 ፌራሪ 500 ሞንዲያል ቀረበ። መኪና ለማለት ያስቸግራል፤ ተቃጥሎ ተጨማድዶ የቀረ የአልሙኒየምና የብረት ክምር ነበር። የተሸጠው በ1,875,000 ዶላር ነው። ገዢው የከፈለው ለላሜራው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የገዛው የዚያን ሻንሲ ማንነት ነው። አዲስ አበባ ላይ በትንሹም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። ከነሐሴ 1964 ወዲህ በተሠሩ ቮልሶች ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ሦስተኛ አኃዝ የሞዴል ዓመቱን ይነግራል፤ በ117 የሚጀምር የ1967 ሞዴል ነው። ሊብሬው ሌላ ዓመት የሚል ከሆነ ማብራሪያ ያሻዋል። ሊብሬ ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር ስለሚሰፍር፣ ሁለቱ ከመኪናዋ ጋር የማይገጥሙ ከሆነ የሚሸጠው የዕቃ ክምር ነው፤ ዋጋውም በዚያ ልክ መሆን አለበት። ሊብሬ የሌለው ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ያማረ ቦዲ፣ ሊብሬ ካለው የዛገ ሻንሲ የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው።

የትዝታ ዋጋም አለ፤ ይህኛው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ስለነበር፣ መኪናዋ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። «ይቺ የደጃዝማች እገሌ ነበረች» የሚል ሻጭ የማይታጣውም ለዚህ ይሆናል። የድሮ ሊብሬ፣ ደረሰኝ ወይም ሰሌዳዋ የሚነበብ ፎቶግራፍ ካለ ጭማሪው ይገባዋል። ወሬ ብቻ ከሆነ ቡና ጋብዞ መስማት ይበቃል።

ሞተሩ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ይሠራል፣ ይገዛል፣ ይቀየራል። ነገር ግን ሳይፈታ የሚታወቅ አንድ ነገር አለ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ከኋላ ያለውን የክራንክ ፑሊ በሁለት እጅ ይዞ መጎተትና መግፋት ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚፈቀድለት እንቅስቃሴ እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ በእጅ እምብዛም አይሰማም። ፑሊው «ቋ» ብሎ ከመለሰ ካርተሩን ከፍቶ መሥራት ሊመጣ ነው፤ ሞተሩ የሚገመተውም ሊፈታ እንደተዘጋጀ ዕቃ ነው። በተቃራኒው «ጉልበቷ ደከመ» ተብሎ ዋጋ የሚጣልባት ሁሉ ደካማ አይደለችም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በሣሣው አየር 34 የፈረስ ጉልበት ያለው 1200 ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ቢያቃስት አይፈረድበትም።

የሚያከስሩት ትንንሾቹ ናቸው። በር፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ ይገኛል። የማይገኘው የመስታወቱ ጎማ፣ የጎኑ ክሮም፣ የውስጥ እጀታ፣ የዳሽቦርዱ ቁልፍ፣ የመብራቱ ቀለበት ነው። እነዚህ ከጀርመን ወይም ከሌላ አገር በኪሎ ተመዝነው፣ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎባቸው ይመጣሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ከዚያ በፊት የተያዘ ግምት ሁሉ በአንድ ጊዜ አረጀ። ሁለት ተመሳሳይ አካሎች ቀርበው አንዱ ትንሽ ዝገት ኖሮበት ዕቃው የተሟላ፣ ሌላው ንጹሕ ሆኖ የተራቆተ ከሆነ፣ ብየዳ እዚሁ በብር ስለሚሠራ የተሟላውን መምረጥ ያዋጣል። ይህ ፍርድ አውሮፓ ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል፤ እዚያ ብየዳው ነው ውዱ።

የኖረችበት አገርም ይታያል። በደጋው መንገድ ላይ ለበረዶ ተብሎ የሚበተን ጨው የለም፤ ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ አዲስ አበባ የኖረች ቮልስ ከአውሮፓ እኩያዋ የተሻለ ብረት ሊኖራት ይችላል። ምጽዋ ወይም አሰብ ለዓመታት ቆይታ የመጣች ከሆነ ግን የባሕሩ አየር ያልደረሰበት ስፌት አይኖርም። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ እዚህ ያለችው ብትሸጥ የምትተካበት መንገድ ጠብቧል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሰው በእውነት የሚከራከርበት ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን መኪና ሊሸጡ ነው። ቮልስ መሆኗን እንጂ የኋላ መስታወቷ ሞላላ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም። የጠየቁት ዋጋ የተራ 1300 ዋጋ ነው። ገዢው ዝም ብሎ ቢከፍል አልዋሸም። ነጋዴዎች «ዕውቀቴን በነፃ አላገኘሁትም» ይላሉ፤ ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1710 የአንዱን ወገን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ውል ፍትሕ በሚጠይቅበት ጊዜ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ገማች ለዕውቀቱ ዋጋ ማግኘት ያለበት ዕቃ ፈልጎ በማግኘትና በመጠገን ነው፤ የሻጭን አለማወቅ ደመወዝ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው።

ችግሩ፣ እውነቱን የተናገረ ገዢ ብዙ ጊዜ መኪናዋን ማጣቱ ነው። «እማማ፣ ይቺ ከሌሎቹ ትለያለች» ብሎ እውነቱን ነግሮ በማግስቱ ሲመለስ ደላሎች ግቢውን ሞልተው ይጠብቁታል። ስለዚህ አንዳንድ ገዢዎች መላ አበጅተዋል። ከመናገራቸው በፊት ቀብድ ይሰጡና አንድ መሥመር በወረቀት ያስፈርማሉ፤ ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ ገዢ ከመጣ፣ በዚያው ዋጋ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ እንዲሆን። ቀብዱን ካስረከቡ በኋላ ነው መስታወቱን የሚያሳዩአቸው።