ቦታውን የሳተ ማስጠንቀቂያ፦ አንቲባዮቲክና የወሊድ መከላከያ እንክብል

«አንቲባዮቲክ የወሊድ መከላከያን ያከሽፋል» የሚለው ማስጠንቀቂያ አሞክሲሲሊን ለታዘዘላትም ዶክሲሳይክሊን ለታዘዘላትም ሴት እኩል ይነገራል። መድኃኒቱ ብርቱ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካላስከተለ በቀር አባባሉ በማስረጃ አልተደገፈም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የብቁነት መመዘኛ እንዲህ ያሉ አንቲባዮቲኮች ከእንክብሉ ጋር ያለ ገደብ እንዲወሰዱ ፈቅዷል። ማስጠንቀቂያው ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ሴቲቱ ደንግጣ እንክብሉን ካቋረጠች የተፈራው እርግዝና በምክሩ ሰበብ ይመጣል።

እውነተኛው ሥጋት ሪፋምፒሲን ነው። የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃቃ የእንክብሉ ሆርሞኖች ከደም ውስጥ ፈጥነው ይወገዳሉ፤ ይህም ሕክምናው ካበቃ በኋላ እስከ አራት ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። በመደበኛው የስድስት ወር የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መድኃኒቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰጣል። ታካሚዋ ሽንቷ እንደሚቀላ ይነገራታል፤ እንክብል ትወስድ እንደሆነ ግን ሳትጠየቅ ትቀራለች፤ የቤተሰብ ምጣኔው ክፍል እዚያው ግቢ ውስጥ እያለ!

አማራጩ ሩቅ አይደለም። የሦስት ወሩ መርፌና ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ በሪፋምፒሲን ኃይላቸው አይቀንስም፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው ግን ሊዳከም ይችላል። ሕክምናው በሚጀመርበት ዕለት ታካሚዋ የምትጠቀምበት መከላከያ ተጠይቆ በካርዷ ላይ ሊሰፍር ይገባል።