የላሊበላ ግጥምና ያልተመዘገበው ከዋኝ

ስለ አማርኛ ቃል ግጥም በሚደረግ ውይይት ላሊበሎች (ሐሚናዎች) ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው የደዌው ነገር ነው። ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው ካላዜሙና ካልለመኑ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ይባላል። የበሽታው መንሥኤ ባክቴሪያ መሆኑን ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ደርሶበታል። እምነቱን እንደ እምነት ማጥናት ተገቢ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሙያን ቦታ መውሰዱ ነው።

በልጅነቴ ወግዲ የሰማሁትን ላንሣ። የደጋው ውርጭ ሳይለቅ ውሻ ጮኸ፤ ከአጥር ውጭ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ መሰንቆ የለም፣ ከበሮም የለም። በዜማው መካከል የአባቴ ስም ተጠራ። አያቴ «ቶሎ ስጧቸው፤ የደዌ ነገር ነው» አለች። እኔን የገረመኝ ግን ስሙን ማን እንደነገራቸው ነበር። ሲነጋ ታወቀ፤ ለካ ማታውኑ ጎረቤት ጠይቀው ኖሯል።

ሙያው እዚህ ላይ ነው። ላሊበላው ገና ትናንት የሰማውን ስም ለዜማው ይመጥናል፤ ቤት ያስመታበታል፤ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰውን፣ ፊቱን እንኳ የማያየውን ተደራሲ ልብ ማራራት አለበት። እጁ ከተዘረጋለት ይመርቃል፤ ቤቱ ዝም ካለው ወደ ሽሙጥ ይዞራል። ይህ ግጥም በወረቀት ሲሰፍር ሙገሳው ያለ ምክንያት ነቀፋ የሚሆን ይመስላል። ሐያሲም «የሐሳብ አንድነት ይጎድለዋል» ብሎ ሊበይን ይችላል። የጎደለው ግን ከግጥሙ ሳይሆን ከመዝገቡ ነው፤ መዝጋቢው በሩ ተዘግቶ መቆየቱን አልጻፈም።

ሙያን በሌላ ነገር መተርጎም የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የትርዒት ድንኳኖች ጎራዴ የሚውጡ ከዋኞች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ብዙ ተመልካች «ጎራዴው ታጣፊ ነው፤ ማታለያ ነው» ይላል። ሆኖም ጎራዴው እውነተኛ ነው። ከዋኙ በረጅም ልምምድ ጉሮሮውን ከማስመለስ ያስለምዳል፤ ብረቱም በጉሮሮው ወርዶ ወደ ጨጓራው ይዘልቃል። ስሕተቱ ደም ያፈሳል። ጀርመናዊው ሐኪም ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1868 ፍራይቡርግ ውስጥ በቀጥተኛ ቱቦ የሰው ጨጓራ ለማየት ሲሞክር ሙያውን ያዋሰው ጎራዴ ዋጭ ነበር። በሕክምና ታሪክ የሐኪሙ ስም ይነሣል፤ ከዋኙ ግን ብዙ ጊዜ «ጎራዴ ዋጩ» ብቻ ነው።

የእኛስ ስብስቦች? እኔ ራሴ በተማሪነቴ ባዘጋጀሁት የመጀመሪያ ስብስብ ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ከዋኙን «አንድ ላሊበላ» ብዬ አልፌዋለሁ። ግጥሙ የወል ነው የሚል ምክንያት ነበረኝ። ዛሬ ምክንያቱ አያሳምነኝም። የዜማው መንገድ የወል ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ጎሕ፣ በዚያ ደጅ፣ ያንን ስም ቤት ያስመታው ግን አንድ ሰው ነው።

በእርግጥ ማኅበረሰቡ ሙያውን ስለሚንቅ ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ ይኖራል። ስለዚህ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ፈቃዱም ይከበር። ከግጥሙም ጋር ሰዓቱ፣ የቤቱ ዝምታና የተሰጠው ስጦታ ይመዝገብ። ላሊበላው እንኳ ደጅ የሚቆመው የባለቤቱን ስም ጠይቆ ነው። አጥኚው ከዚህ ያነሰ ሊያደርግ አይገባም።