የጡጫ ጉልበት ከወዴት ይመጣል? በሳሪስ አቦ የኩንግ ፉ ልምምድ ላይ የቀረበ ሒስ

በከተማችን ወጣቶች ዘንድ «ካራቴ» የሚለው ስም ከሩቅ ምሥራቅ የመጣውን የእጅ ፍልሚያ ሁሉ ጠቅልሎ ይጠራል። የጃፓኑ ካራቴ፣ የኮርያው ቴኳንዶ፣ የቻይናው ኩንግ ፉ በዚህ በአንዱ ስም ይታቀፋሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የቻይናውን፣ ከእርሱም ውስጥ አንዱን ነገር ብቻ፣ ይኸውም ጡጫን ነው። ጥያቄአችን አጭር ነው፤ የአንዱ ሰው ጡጫ ከሌላው የሚከብደው ስለ ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ በሳሪስ አቦ አካባቢ በጠዋት ልምምድ ላይ ሲሰጥ የሰማነው መልስ ከቻይና ጥበብም ሆነ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር የማይስማማ ሆኖ ስላገኘነው ይህን ሒስ ለመጻፍ ተነሣን።

ሳሪስ አቦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በደብረ ዘይት መንገድ በኩል የሚገኝና በአቦ ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራ ሠፈር ነው። በዙሪያው ፋብሪካውም የቀን ሠራተኛውም ብዙ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የከተማ ባቡር በዚያ ያልፋል። ሐዲዱን የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ነገር ግን ኩንግ ፉን ወደ ሠፈሩ ያመጡት መሐንዲሶቹ አይደሉም፤ ከእነርሱ ብዙ ዘመን ቀድሞ ቪዲዮ ቤት አምጥቶታል።

ወጣቶቹ ከሥራ በፊት ማልደው ይሰበሰባሉ። እግራቸውን አንፈራጥጠው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ቻይናውያን «ማ ቡ» በሚሉት በፈረሰኛ አቋቋም ይቆማሉ። ከዚያም አሠልጣኙ ሲቈጥር ቀኝና ግራ እጃቸውን እያፈራረቁ ወደ አየር ይወረውራሉ። አሠልጣኙ በመካከላቸው እየተዘዋወረ የቡጢውን ከፍታ ያቃናል፤ ድምፁ ያነሰውንም ይቈጣል። እግርን የሚመለከት እርማት ግን በተመላለስንባቸው ጠዋቶች አንድ ጊዜም አልሰማንም። ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ አንድ ጀማሪ በጠየቀ ጊዜ፣ «ከውስጥ ነው፤ ቺ ይባላል፤ ጊዜው ሲደርስ ይገለጥልሃል» ተባለ።

ይህ መልስ ጠያቂውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስተምረውም። ነገሩን በቍጥር እንየው። የአንድ ሰው ክንድ ከትከሻው እስከ ጣቱ ድረስ ከጠቅላላ ክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት በክንዱ ብቻ ሲመታ የሚወረውረው 3 ኪሎ ያህል ነው፤ የቀረው 57 ኪሎ ተመልካች ሆኖ ይቆማል። ይህን የቆመውን ክብደት ለማሠራት ከእግር መጀመር ግድ ነው። እግር መሬትን ሲገፋ መሬትም በእኩል መጠን መልሳ ትገፋለች፤ ይህም ኒውተን በ1687 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ያሳተመው ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ሕግ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ይህን ሕግ በጀልባና በመቅዘፊያ ያስረዱን ነበር፤ በጡጫ ቢያስረዱን ኖሮ የክፍሉ ወንዶች ሁሉ ባልተኙ ነበር። የመሬቱ ግፊት በቍርጭምጭሚትና በጉልበት በኩል ወደ ዳሌ ይወጣል፤ ዳሌ ሲዞር ወገብን ይስባል፤ ወገብ ትከሻን፣ ትከሻም ክርንን ያስከትላል፤ ቡጢው ከሁሉ በኋላ ይደርሳል። ከእነዚህ አንዱ ተራውን ሳይጠብቅ ቢነሣ ወይም ደርቆ ቢቀር ከበታቹ የመጣው ግፊት እዚያው ይቀራል።

በ1985 የታተመው የሶቪየት ተመራማሪዎች የፊሊሞኖቭና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በነባር ቦክሰኞች ጡጫ ውስጥ የኋላው እግር ግፊት 38 በመቶ ያህል ድርሻ ሲኖረው በጀማሪዎቹ ግን ወደ 17 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። የክንድ ድርሻ በአንጻሩ በጀማሪዎቹ 38፣ በነባሮቹ 24 በመቶ ነበር። በ2000 ደግሞ ስሚዝና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በመለኪያ መሣሪያ እንደ መዘገቡት፣ የላቁት ቦክሰኞች የኋላ እጃቸው ምት በአማካይ 4800 ኒውተን ሲሆን የጀማሪዎቹ 2400 ገደማ ነበር። ቍጥሮቹ የተወሰዱት ከቦክስ ነው፤ የሰው አጥንት ግን በቻይናም በእንግሊዝም የሚገዛው በአንድ ሕግ ነው።

የሚያስገርመው፣ አሠልጣኙ በስሙ የሚናገርለት የቻይና ጥበብ ራሱ ይህንኑ የሚያስተምር መሆኑ ነው። የታይ ቺ ሊቃውንት የኀይል ሥሩ እግር፣ አዛዡ ወገብ፣ መገለጫው እጅ መሆኑን ካስተማሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ሺንግዪ በተባለው ስልት ውስጥ ደግሞ «ሦስቱ የውጭ ስምምነቶች» የሚባል ትምህርት አለ፤ እጅ ከእግር፣ ክርን ከጉልበት፣ ትከሻ ከዳሌ ጋር አብረው እንዲሄዱ ያዝዛል። በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረው የሄቤይ ሰው ጉዎ ዩንሸን በዚህ ስልት ውስጥ ስሙ የተጠራው በአንዲት ጡጫ ነው፤ ይኸውም ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ተራምዶ በሚመታት በ«ቤንግ ቹዋን»። እርምጃው ያጠረው እስር ቤት ሳለ እግሩ በብረት ስለ ታሰረ ነው የሚል ተረት አለ፤ ተረቱን ለተራቾቹ እንተወውና ለእኛ የሚጠቅመን አሠራሩ ነው። የፊተኛው እግር ይገባል፤ የኋለኛው ተጐትቶ ይከተላል፤ መላው አካል ወደ ፊት በሚሄድበት በዚያው ቅጽበት ቡጢው ይደርሳል። ቀድሞ ቆሞ ያየነው 57 ኪሎ አሁን ተጓዥ ሆነ ማለት ነው። የቀድሞው የዓለም የቦክስ ሻምፒዮን አሜሪካዊው ጃክ ዴምፕሲ በ1950 ባሳተመው መጽሐፉ «የመውደቅ እርምጃ» እያለ ያስተማረው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ተያይተው አያውቁም።

ታዲያ እግሩ ሳሪስ ሳይደርስ የት ጠፋ? እኛ እንደሚመስለን የጠፋው በፊልም ላይ ነው። በ1964 በካሊፎርንያ፣ በሎንግ ቢች ከተማ በተደረገው የካራቴ ውድድር ላይ ብሩስ ሊ ቡጢውን ከአንድ ሰው ደረት አንድ ኢንች፣ ማለት ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ አርቆ መታውና ከኋላው በነበረው ወንበር ላይ ጣለው። የሠፈሩ ልጆች ይህን ትርኢት ከሁሉ አብልጠው ይጠቅሱታል፤ ለ«ውስጣዊው ኀይል» ያላቸውም ማስረጃ እርሱ ነው። ነገር ግን የብሩስ ሊን እጅ ትቶ እግሩን ብቻ የተመለከተ ሰው የኋላው ተረከዝ ሲነሣ፣ ጉልበቱ ሲዘረጋ፣ ዳሌው ሲዞር ያያል። በሁለት ሳንቲሜትር ተኩል መንገድ ክንድ ብቻውን በቂ ፍጥነት ሊያገኝ አይችልም፤ ስለዚህ ትርኢቱ የሚመሰክረው ለእግርና ለዳሌ ነው። ደግሞም ሰውን ወንበር ላይ መጣል አንድ ነገር ነው፤ ማቍሰል ሌላ ነገር ነው። ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ ግፊት ሰውን ከቦታው ያፈናቅላል፤ በቅጽበት የሚያልፍ ምት ግን ሰውዬውን ብዙ ሳያንቀሳቅስ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ፊልም ሁለቱን ያምታታል፤ በፊልም የተመታ ሁሉ ይበርራል። በ1973 በወጣው «ኢንተር ዘ ድራጎን» ውስጥ የብሩስ ሊ እግር ዕረፍት የለውም፤ የተመልካች ዐይን ግን ቡጢውን ይከተላል። ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደውም ጩኸቱን ነው።

ይህን ለመማር ቻይና ድረስ መሄድም አያስፈልግም። በሳሪስ ግቢዎች የባሕር ዛፍ ግንድ የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያው ሲወርድ ጉልበቱ ይታጠፋል፤ ወገቡም አብሮ ይወርዳል። በክንዱ ብቻ የሚፈልጥ እስከ ረፋድ አይዘልቅም። በቡሄ ሰሞን የሚጮኸው ጅራፍም መምህር ነው። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ሲሄድ ነው፤ ከወፍራሙ በኩል የተነሣው እንቅስቃሴ ወደ ቀጭኑ እየተላለፈ ሲሄድ ፍጥነቱ ይጨምራልና። ይሁን እንጂ የጅራፍ ምሳሌነቱ እስከ ግማሽ ነው፤ ጫፉ ፍጥነት አለው እንጂ ክብደት የለውም። ጡጫ ሲጓዝ እንደ ጅራፍ ልል፣ ሲደርስ ግን እንደ መጥረቢያ ጥብቅ መሆን ያስፈልገዋል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲው ስቱዋርት ማክጊልና ባልደረቦቹ በ2010 የላቁ ተፋላሚዎችን ጡንቻ መርምረው ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ጡንቻው ምቱ ሲነሣ ይጠብቃል፣ በመንገድ ላይ ይላላል፣ ሲያርፍ እንደ ገና ይጠብቃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጡንቻውን ገትሮ የሚመታው ወጣት የገዛ እጁን ወደ ኋላ እየጐተተ ነው።

ከቃል ብቻ ሳይንስ እንደማይወጣ እናውቃለን፤ ቢሆንም በአማርኛችን የእግር መታጠፊያና የሰው ብርታት ሁለቱም «ጉልበት» መባላቸውን ሳናነሣ ማለፍ አልቻልንም። ለሥራ የተነሣ ሰውም ወገቡን ይታጠቃል እንጂ ክንዱን አያስርም።

ለአሠልጣኞቹም ተገቢውን ፍርድ መስጠት አለብን። ቺ የሚለው ቃል ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። «ትንፋሽህን ከእምብርትህ በታች አውርድ» የተባለ ተማሪ ትከሻው ይረግባል፤ አቋቋሙም ይደላደላል። ትእዛዙ በሳይንስ ቋንቋ ባይነገርም ሥራውን ሠርቷል። የፈረሰኛ አቋቋምም ጭንንና ዳሌን ለማጠንከር የኖረ መልካም ልምምድ ነው። የምንነቅፈው አቋቋሙ የመምቻ አቋቋም ተደርጎ ሲሰጥ፣ ቃሉም የጥያቄ መዝጊያ ሲሆን ነው። «ጊዜው ሲደርስ ይገለጥልሃል» የተባለ ተማሪ በየወሩ እየከፈለ ይጠብቃል፤ ያልተገለጠለትም ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል።

ከዚህ የከፋው በእጅ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ጡጫው አልከብድ ያለው ተማሪ ቡጢውን ለማጠንከር ሲል ግድግዳና ብሎኬት መምታት ይጀምራል። ከትንሿ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ አጥንት በዚህ ዐይነት ምት በቀላሉ ይሰበራል፤ ሐኪሞች «የቦክሰኛ ስብራት» የሚሉት ነው። በሳሪስና በቃሊቲ ብሎኬት ተሸክሞ ወይም ማሽን ላይ ቆሞ ለሚያድር ወጣት፣ እጁ ታስሮ የሚቀመጥባቸው ሳምንታት ደመወዝ የሌለባቸው ሳምንታት ናቸው።

እርማቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አሠልጣኙ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ይስቀል። ተማሪውን በመጀመሪያ በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ እግሩን ከመሬት አስነሥቶ ያስመታው፤ ቀጥሎ አቁሞ ዳሌውን ሳያዞር፤ ከዚያ ዳሌውን እያዞረ፤ በመጨረሻም ግማሽ እርምጃ እየገባ ያስመታው። ጆንያው በየጊዜው የደረሰበትን በአጠገቡ ባለው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ያመልክት። ከዚህ በላይ እንደ ተናገርነው ጆንያው የሚያሳየው የግፊቱን መጠን እንጂ የምቱን ቅጽበታዊ ብርታት ስላልሆነ ፍጹም መለኪያ ነው አንልም፤ አራቱን የጠመኔ ምልክቶች ግን ማንም ጀማሪ ሊያነባቸው ይችላል። ከፊዚክስ መምህራኖቻችን አንዱ ፈቃዳቸው ሆኖ የተሻለ መለኪያ ቢያውሱን ክረምቱ ሳይገባ በሳሪስ አቦ ለመሞከር ዝግጁዎች ነን፤ ጆንያውንና አሸዋውን እኛ እናቀርባለን።