የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ዕድሳትና የአልጋ ሒሳብ

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በልጧል። የትምህርቱ በር መስፋቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ የተማሪውን ብዛት ለማስተናገድ ሲባል ነባር ማደሪያዎች የሚታደሱበት መንገድ ትችት የሚያሻው ሆኖ እናገኘዋለን።

በመሠረቱ ጉድለቱ የሚመነጨው ከመለኪያው ነው። አልጋ ብቻ ሲቆጠር፣ ክፍሉ ሳይሰፋ ተደራራቢ አልጋ በመጨመር የመቀበል ዐቅም በወረቀት ላይ ያድጋል። የውሃው መስመር፣ መታጠቢያውና መጸዳጃው ግን ሕንፃው ሲሠራ በታሰበው ቁጥር ልክ ይቀራሉ። ይህ ጸሐፊ በተማረበት ግቢ በየፎቁ ጫፍ የነበረው የንባብ ክፍል አልጋ ገባበት። ከዚያ ወዲህ የፈተና ሰሞን ተማሪዎች በኮሪደር መብራት ሥር ቆመው ሲያነቡ ያመሹ ነበር፤ በመኝታ ክፍሉ አንዱ መብራት ቢያበራ ሌላው እንቅልፍ ያጣልና።

የጥበቱ መዘዝ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ጎልቶ ታይቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው፣ በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሲቀጥል ተመራቂዎች ቀድመው፣ ሌሎቹ በየተራ መጠራት ግድ ሆነ።

ዕቅድ አውጪዎች በጀት ውሱን መሆኑን፣ አልጋ ያላገኘ የገጠር ልጅም ከትምህርት እንደሚቀር ያስረዳሉ። ሐሳቡ እውነትነት አለው፤ ተማሪ ይቀነስ የሚል ወገን የለም። ነገር ግን ማደሪያው ችሮታ አይደለም። በወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ ከምረቃ በኋላ በገንዘብ ወይም በአገልግሎት ሊከፍል ውል ይገባል። ያልተመቸ ማደሪያ ውስጥ ላሳለፈው ሌሊት ባለዕዳ ነው።

ስለሆነም ሦስት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል። አንደኛ፣ በየፎቁ ቢያንስ አንድ የንባብ ክፍል ሳይነካ ይቆይ። ሁለተኛ፣ ውሃና መጸዳጃ አስቀድሞ ሳይስፋፋ አልጋ አይጨመር። ሦስተኛ፣ ዕድሳቱ በክረምት ዕረፍት፣ ሕንፃ በሕንፃ ይከናወን።

የዕድሳት ዕቅድ ለውሳኔ ሲቀርብ «ስንት ተማሪ ይተኛበታል?» ተብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። «ስንቱስ ተቀምጦ ያነብበታል?» የሚለው ጥያቄም አብሮ መነሣት ይኖርበታል።